አጭር የባሕር ዳርቻ እረፍት ከትናንሽ ልጆች ጋር፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

ልጅ ከመምጣቱ በፊት ባሕር ዳርቻ መሄድ ቀላል ነበር። ፎጣ ይነጠፋል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ቀኑ ያልፋል። ከትናንሽ ልጆች ጋር ሲሆን ፎጣው ላይ የሚተኛ የለም። እረፍቱ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ወላጅ ይቸኩላል። ጀልባውም፣ ዋናውም፣ ጉብኝቱም፣ የማታው ሽርሽርም አንዱም እንዳይቀር ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ልጁ ይነጫነጫል፣ እናትና አባት ይኮራረፋሉ፣ ስንት የተቆጠበለት እረፍት ጣጣ ሆኖ ያርፋል።

እኔ የምመክረው የቀኑን ፕሮግራም ለልጁ እንቅልፍና ለፀሐይዋ መተው ነው። ጠዋት አጭር የባሕር ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ ሌላ አጭር የባሕር ሰዓት። መሐሉ ጥላ፣ ምሳና እንቅልፍ። ከዚህ ያለፈ ዕቅድ ካላችሁ ግማሹን ሰርዙት። ከታች ያለው ከሕፃን እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ላላቸው የሚሆን ነው። በየተራው እንሂድ።

1. ማረፊያውን መምረጥ

ከውበቱ በፊት ርቀቱን እዩ። በመጀመሪያ ከቤት እስከ ባሕሩ ያለውን። ለሁለት ሌሊት ብሎ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ መዋል አያዋጣም፤ ልጁ ከድካሙ ሳይወጣ መመለሻው ይደርሳል። ቀጥሎ ከማረፊያው እስከ አሸዋው ያለውን። ይሄኛው ከመጀመሪያውም ይብሳል። ሕፃን ታቅፎ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ አንዱን ልጅ በእጅ እየጎተቱ በጠራራ ፀሐይ አሥር ደቂቃ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ልጁ እንቅልፍ ሲጥለው ወይም ሆዱን ሲያመው ወዲያው ክፍል መግባት ከተቻለ ግማሹ ችግር ተቃለለ ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ ካለ ውብ ሆቴል ይልቅ እዚያው ዳርቻው ላይ ያለች ተራ ክፍል ትበልጣለች።

ባሕሩን ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወለሉ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው ወይስ ሁለት እርምጃ እንደተሄደ ገደል ነው? ሞገዱ ኃይለኛ ነው? ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ? ፊቱን ለክፍት ባሕር ከሰጠ ዳርቻ ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ወሽመጥ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው። መጸዳጃ ቤትና ጥላ በቅርብ መኖሩንም አረጋግጡ።

ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ ሕፃን አልጋ፣ ስለ ማቀዝቀዣና ብርሃን ስለሚከለክል መጋረጃ ጠይቁ። መዋኛ ገንዳ ካለ ዙሪያው ታጥሮ በሩ የሚዘጋ መሆኑን ሳትጠይቁ ስልኩን አትዝጉ። ብዙ ሰው ለባሕሩ ተጠንቅቆ ገንዳውን ይረሳዋል።

2. ዕቃ መያዝ

አሻንጉሊት አታብዙ። ባልዲ፣ አካፋና አንድ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል፤ የቀረውን አሸዋው ራሱ ያቀርባል። ጉልበታችሁን ለሚከተሉት አውሉት።

ትልቁ ነገር የዋና ልብሱ ቀለም ነው። ለልጅ ልብስ ሲገዛ የሚታየው ማማሩ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከውኃ በታች መታየቱ ይበልጣል። ሰማያዊ፣ ነጭና ግራጫ ልብስ ውኃ ውስጥ ይጠፋል። ደማቅ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ሮዝና የሚያበራ ቢጫ ከሩቅ ይለያሉ። እጅጌው ረጅም ቢሆን ደግሞ ከፀሐይም ይከላከላል፣ ሳንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) የሚቀባውን ቦታም ይቀንሳል። ሳንስክሪን ሲቀባ የማይንፈራገጥ ሕፃን ስላላየሁ ይሄ ትልቅ ግልግል ነው።

ሳንስክሪኑ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ውኃ የሚቋቋም፣ ሁለቱንም ዓይነት የፀሐይ ጨረር፣ ዩቪኤና ዩቪቢ የሚባሉትን፣ የሚከላከል ይሁን። ከመውጣታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ክፍል ውስጥ ቀቡ። አሸዋ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ከቀባችሁ አሸዋና ቅባት ተቀላቅሎ የልጁን ቆዳ ይፈገፍጋል። ጆሮ፣ ማጅራት፣ የጉልበት ኋላና የእግር ጀርባ ይረሳሉ፤ ማታ ቀልተው የምታገኟቸው እነሱን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ፤ ከውኃ ከወጣና በፎጣ ከደረቀ ደግሞ ወዲያው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከነጭራሹ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም። ለእሱ መከላከያው ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ስስ ልብስ ነው።

ሌላው አራት ማዕዘኑ ላስቲክ ያለው የፍራሽ አንሶላ ነው። አሸዋው ላይ ገልብጣችሁ ዘርጉትና አራቱን ማዕዘን በቦርሳና በጫማ ወጥሩት። ጠርዙ ከፍ ስለሚል አሸዋ አይገባም፤ ሕፃኑም መሐል ላይ ይቀመጣል። የአሻንጉሊቱን ቦርሳ መረብ ያለው አድርጉት፤ ሲነሣ አሸዋው ራሱ ይረግፋል። ትንሽ የበቆሎ ስታርችም ያዙ። የደረቀ ቆዳ ላይ ነስነስ አድርጋችሁ ስትጠርጉት የተጣበቀው አሸዋ ይለቃል። ነፋስ ባለበት ግን አትነስንሱ፣ ልጁ ይተነፍሰዋል።

ከመድኃኒት ወረንጦ፣ ቴርሞሜትር፣ ፕላስተር፣ በተቅማጥ ጊዜ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) እና የልጅ ፓራሲታሞል ይያዝ። የፓራሲታሞሉ መጠን በልጁ ክብደት ስለሚሰላ ከመሄዳችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቃችሁ ሣጥኑ ላይ ጻፉት። ሌሊት በትኩሳት መሐል የሂሳብ ሥራ አይሠራም።

3. መንገዱ

በመኪና ከሆነ በልጁ የእንቅልፍ ሰዓት ተነሡ። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙና ሁሉም ይውረድ፤ ሕፃኑም ከመቀመጫው ይውጣ። የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ስልክና መጽሐፍ አትስጡት። ሩቅ እንዲያይ አድርጉት፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ፣ ምግቡን ቀለል አድርጉ። ትርፍ ልብሱና የላስቲክ ከረጢቱ እጃችሁ ስር ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው።

በአውሮፕላን ከሆነ ሲነሣና በተለይ መውረድ ሲጀምር ሕፃኑን አጥቡት ወይም ጡጦ ስጡት። መዋጡ የጆሮውን ግፊት ያስተካክላል።

ስትደርሱ ሻንጣ ከመፍታት በፊት ክፍሉን ዙሩ። በረንዳ ካለ ወንበርና ጠረጴዛ ከአጥሩ ይራቁ፤ ልጅ ይወጣበታል። የውጭ በሩ በልጅ እጅ የሚከፈት ከሆነ መፍትሔ ፈልጉለት። የዚያን ቀን ልጆቹ ባሕሩን ዓይተው፣ እግራቸውን አርጥበው ይመለሱ። ይበቃል።

4. ጠዋት፦ ዕቃ ከማራገፍ በፊት ባሕሩን ማየት

ልጆች በማለዳ ስለሚነሡ ተጠቀሙበት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውም ትንሽ ነው። ፀሐይ የሚከረው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ 4 ሰዓት ሲሆን ዕቃ መሰብሰብ ጀምሩ። ሰዓት ካልያዛችሁ ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ወደ ክፍል የመግቢያ ሰዓት ነው። ደመና አያታላችሁ፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ጃንጥላ ስር ሆናችሁም አሸዋውና የውኃው አረፋ ጨረሩን መልሰው ይረጫሉ።

አሸዋው ላይ ስትደርሱ ልጆቹን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁሙና ውኃውን ተመልከቱ። ባንዲራ አለ? በብዙ አገር ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ባንዲራ ነፍስ አድን ሠራተኛ የሚጠብቀውን ቦታ ያመለክታል፤ መዋኘት በሁለቱ ባንዲራዎች መሐል ነው። ቀይ ብቻውን አደጋ ነው፣ በብዙ አገርም መግባት ክልክል ነው ማለት ነው፤ ሁለት ቀይ ከሆነ ውኃው ተዘግቷል። ሐምራዊ ደግሞ እንደ ጄሊፊሽ (ሰውነቱ ለስላሳ፣ የሚናደፉ ክሮች ያሉት የባሕር እንስሳ) ያለ የሚናደፍ ነገር አለ ማለት ነው። ካልገባችሁ ጠባቂውን ጠይቁ፤ ሥራው ነው።

ቀጥሎ ወደ ጥልቁ የሚጎትተውን ጅረት ፈልጉ። ሞገድ በሚሰበርበት ዳርቻ፣ መሐል ላይ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ መስመር ታያላችሁ። ላላወቀው ለልጅ የሚሆን የተረጋጋ ቦታ ይመስላል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ ወደ ባሕሩ የሚሮጠው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ራቁ። ትልቅ ሰው ከገባበት ከጅረቱ ጋር አይታገል፤ ይንሳፈፍ፣ እጁን ያውለብልብ፣ መዋኘት ከቻለ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ጎን ይዋኝ። ወደ ዳር የሚመለሰው ከጅረቱ ከወጣ በኋላ ነው።

የባሕሩን መሙላትና መጉደልም ጠይቁ። በብዙ ቦታ ውኃው ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሞላ ቆይቶ ስድስት ሰዓት ገደማ ይጎድላል። በጎደለ ጊዜ በእግር የተኬደበት ድንጋይ ሲሞላ ደሴት ይሆናል። ዕቃችሁንም እርጥቡ አሸዋ ላይ አታስቀምጡ፤ እርጥብ የሆነው ውኃው እዚያ ድረስ ስለሚመጣ ነው።

5. ውኃ ውስጥ

ልጅ ሲሰጥም ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እንዲያ አይደለም። አፉ ውኃው ላይ ብቅ ጥልቅ ስለሚል የሚጮኽበት ትንፋሽ የለውም። ድምፅ ሳይሰማ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ለትንሽ ልጅ ደግሞ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ይበቃል። ስለዚህ «ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አይሠራም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ውኃ ውስጥም ውኃ ዳርም ሲሆን ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚነካው ርቀት ላይ መሆን አለበት።

ብዙ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት አደጋው ይጨምራል። እናት አባት ያያል ትላለች፣ አባት አክስት ታያለች ይላል፣ አክስት ስልኳ ላይ ናት። መፍትሔው ተራ መያዝ ነው። ተረኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስልክ አይዝም፣ ወሬ አያወራም፣ ምግብ አያድልም። በየ15 ደቂቃው ተራ ሲቀየር በቃል ይባባሉ፦ «አሁን አንተ ነህ።» «እሺ፣ እኔ ነኝ።» ይህ ሳይባል ማንም አይነሣ። ሲያዩት ድራማ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ክንድ ላይ የሚጠለቁና በአየር የሚነፉ ነገሮች መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም። ይፈነዳሉ፣ ይወልቃሉ፣ ልጁንም ወላጁንም ያዘናጋሉ። በአየር የተነፋ ፍራሽ ከሆነ ጭራሽ ባሕር ላይ አታውጡት። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ልጁን ይዞት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባሕሩ ረጋ ያለ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። የሚታመነው በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ነው። አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል።

ከልጅ ጋር ውኃ ዳር ስትቆሙ እናንተ በባሕሩ በኩል ሁኑ፣ ልጁ በየብሱ በኩል። ጀርባችሁን ለሞገድ አትስጡ። ጉልበታችሁ ላይ የሚሰበር ሞገድ ለእሱ ደረቱ ላይ ነው።

የሚፈራ ልጅ ካለ አትግፉት፣ ተሸክማችሁም አትንከሩት። ጫፉ ላይ ተቀመጡና አሸዋ ቆፍሩ። ውኃው መጥቶ ጉድጓዱን ሲሞላው ይስቃል፤ ቀጥሎ ራሱ በባልዲ ሊቀዳ ይሄዳል። እስከ መመለሻው ባይገባም ምንም አይደል፤ ልጅ ለመደሰት የግድ መዋኘት የለበትም።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠ «አልበረደኝም» ቢልም አውጡት። ትንሽ አካል ቶሎ ይቀዘቅዛል።

6. አሸዋ ላይ

ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ዳሩ ይደረመሳል፤ በውስጡ ያለውን ልጅም በአፍታ ይቀብረዋል። የምትቆፍሩት ከልጁ ጉልበት አይለፍ። ስትሄዱ ድፈኑት፤ ማታ የሚያልፍ ሰው እግሩን ይሰብርበታል። ልጁ ባዶ እግሩን ከመሄዱ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አሸዋው ላይ አሳርፉ፤ እናንተ ካልቻላችሁ እሱም አይችልም። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ከገባ እንዳያሸው ያዙትና ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ትንሽ አሸዋ ቢቅም አትደንግጡ።

ውኃ ሳይጠይቅ በየ20 ደቂቃው አጠጡት። ስድስት ወር ላልሞላው ጡት ወይም የሕፃን ወተት ደጋግሞ መስጠት ይበቃል፤ ውኃ አይሰጠውም። ዳይፐሩ ለረጅም ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ውኃ አጥሮታል፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በየጠዋቱ ከመውጣታችሁ በፊት የልጁን ፎቶ አንሡ። ቢጠፋ «ምን ለብሷል?» የሚለውን ጥያቄ ስልካችሁ ይመልሳል። ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ እስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጻፉ። ከጠፋ በመጀመሪያ የሚፈለገው ውኃው ነው። አንድ ሰው ወደ ውኃው፣ አንዱ ወደ ነፍስ አድን ሠራተኛው ይሩጥ፤ ሌላው ቦታ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

7. እኩለ ቀን

ሻወር፣ ምሳ፣ መጋረጃ መዝጋት፣ እንቅልፍ። ትልቁ ልጅ አልተኛም ካለ ጋደም ብሎ መጽሐፍ ይይ። ይህን ሰዓት ለገበያና ለጉብኝት የሚሰጥ ቤተሰብ ማታውን ያጣዋል። እናንተም ተኙ፤ ደክሟችኋል። ልጆቹ በመኪና ሳሉ እንቅልፍ ቢወስዳቸው ግን «ለደቂቃ» ብላችሁ ትታችኋቸው አትግቡ። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ በአሥር ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፣ መስኮት ገርበብ ማድረጉም ብዙ አይረዳም።

ከ10 ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ውጡ። ነፍስ አድን ሠራተኛው መቼ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ እወቁ፤ እሱ ከሄደ በኋላ ጨዋታው አሸዋው ላይ ይሁን።

8. ጄሊፊሽ ቢናደፍ

ልጁን ከውኃው አውጡት፣ እንዳያሸው እጁን ያዙ። የተጣበቀውን ክር በወረንጦ አንሡ እንጂ በፎጣ አትጥረጉ። የሚታጠበው በራሱ በባሕሩ ውኃ ነው፤ የቧንቧ ውኃ ያልፈነዳውን መርዝ ያፈነዳዋል። ከዚያ ቦታውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ፣ 20 ደቂቃ ያህል። ሙቀቱን በእናንተ እጅ ሞክሩ፣ የልጅ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ኮምጣጤ ለአንዳንዱ ዝርያ ይረዳል፣ ሌላውን ያባብሳል፤ የአካባቢውን ጠባቂ ሳትጠይቁ አታድርጉ። ሽንት የሚባለውን እርሱት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ካበጠ፣ ካስታወከው ወይም የተነደፈው ቦታ ሰፊ ከሆነ ቀጥታ ወደ ሕክምና።

9. መመለሻ

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ባሕር የሚሄዱት ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሻንጣውን ማታ ጨርሱት፤ ለጠዋቱ አንድ የዋና ልብስ፣ ፎጣና የላስቲክ ከረጢት ብቻ ይቅር። እርጥቡ በከረጢቱ ይገባና ቤት እንደደረሰ መጀመሪያ ይወጣል፤ አድሮ ከዋለ ሽታው አይለቅም።

ጆሮው ውስጥ ውኃ ከቀረ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጋችሁ በፎጣ ጫፍ አድርቁ፤ በጥጥ እንጨት አትጎርጉሩ። ቆዳው ከቀላ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉለት፣ ብዙ ያጠጡት፣ በረዶ አታስነኩት። ውኃ ካረገዘ፣ ካተኮሰው ወይም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ሐኪም ይየው። ውኃ ውስጥ ታንቆ ወይም ሰጥሞ የወጣ ልጅ ከዚያ በኋላ ሳሉ ካላቆመ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ያለወትሮው ከፈዘዘ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ሌሊት ሕክምና ውሰዱት።